ያነበብነውን መጽሐፍ ስንደግመው

 

ባለፈው ሰሞን ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ አንድ ጣቢያ ስናስተምር አንድ አባት ጥያቄ አነሡብን። «ልጆቼ፣ ይችን መጽሐፍ ጨርሻታለሁ። ሌላ ከሌላችሁ እንግዲህ ምን ላንብብ?» አሉን። «ይድገሟት» አልናቸው። «የበላሁትን እንጀራ መልሼ ልበላው ነው?» አሉ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኛም ሳቅን፤ መልስ ግን ወዲያው አልመጣልንም።

መልሱን የሰጡልን አጠገባቸው የተቀመጡ እናት ናቸው። «ዳዊትስ? ዳዊት ይደገማል እንጂ አንዴ ተነብቦ ይቀመጣል?» አሉ።

እውነታቸውን ነው። አባቶቻችን ዳዊት «ማንበብ» አይሉም፤ «መድገም» ነው የሚሉት። 150ው መዝሙር ለሳምንቱ ቀኖች ተከፍሎ ይደገማል። ሳምንቱ ሲሞላ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል። ዕድሜ ልክ እንዲህ ነው። «አውቄዋለሁ፣ ሰለቸኝ» ብሎ የተወው ሰው ግን አልገጠመንም።

በዚያው ክፍል ሌላ ሰው አሉ። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ገና ጎረምሳ ሳሉ፣ ፊደል ቆጥረው ነበር። የምስክር ወረቀታቸው እስከ ዛሬ ሣጥን ውስጥ አለ፤ አምጥተው አሳይተውናል። ንባቡ ግን ጠፍቷቸዋል። መማሪያቸውን ከጨረሱ በኋላ የሚያነቡት ሌላ መጽሐፍ አላገኙም፤ ያችኑም መልሰው አልገለጧትም። ኋላ የብድር ወረቀት ሲቀርብላቸው እንደ ድሮው አውራ ጣታቸውን ቀለም ነከሩ። ይህን ሲያወሩን ጣታቸውን እየተመለከቱ ነበር። አሁን ከ«ሀ» ጀምረው እንደገና ይማራሉ።

እኛ የምንደግመው መጽሐፍ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። የደረሱት ሐዲስ ዓለማየሁ የጎጃም ሰው ናቸው። በ1902 ዓ.ም. ተወልደው በ1996 ዓ.ም. አረፉ። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ከ500 ገጽ በላይ ስለሆነ ሲያዩት ያስፈራል። ግን አትፍሩት፤ ታሪኩ የሚጀምረው እዚሁ ደጃችን ነው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስንሄድ መንገድ ላይ የምናገኛት ማንኩሳ አለች አይደል? የበዛብህ አገር እሷ ናት። በዛብህ አድጎ፣ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምሮ፣ ዲማ ይሄዳል። እዚያም የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ንባብ እንዲያስተምር ይቀጠራል። እንግዲህ ፍቅሩ የመጣው በንባብ ትምህርት ነው! ፍጻሜውን አንነግራችሁም። (ርእሱ ራሱ ግማሹን ነግሯችኋል።)

ብዙ ሽማግሌዎች ይህን ታሪክ ፊደል ሳይቆጥሩ በጆሯቸው ያውቁታል። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ተርኮታል። ሬዲዮ ባለበት ቤት ጎረቤቱ ተሰብስቦ ያዳምጥ እንደነበር ሲያወሩን ደስ ይላቸዋል። ያን ጊዜ ግን ሕፃን ቢያለቅስ፣ ውሻ ቢጮህ፣ ያመለጠ ቃል አመለጠ ነው። ሬዲዮን «እስቲ ያችን ድገማት» አይሉት። መጽሐፉን ግን ጣታችንን ወደ ላይኛው መስመር መልሰን እናስደግመዋለን።

አሁን የራሳችንን ጉድለት እንናገር። እኛ መጽሐፉን መጀመሪያ ያነበብነው በተማሪነት ነው። ለፍቅሩ ስንቸኩል ብዙ ገጽ ዘለናል። ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የተነሡበትን ስፍራ እንኳ በዓይናችን ሮጠን ነው ያለፍነው። እዚህ ስናነበው ግን ክፍሉ አላሳልፍ አለን፤ ሦስት ጊዜ አስደገሙን። ለባለ ጉልቱ ምን ምን ይገባ እንደነበር ሽማግሌዎቹ ለወጣቶቹ አስረዱ። መጽሐፉ ከታተመ ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር እምቢ ብሎ መነሣቱን ያነሡም ነበሩ። ዩኒቨርሲቲ ገብተን ያልገባን ነገር እዚህ መደብ ላይ ተቀምጠን ገባን።

ከሁሉም የበለጠብን ግን የስለቱ ነገር ነው። በዛብህ ልጅ ሳለ ሕመም ስለበዛበት ከዳነ ለቤተ ክርስቲያን እንዲሰጥ ተስለውበታል። ኋላ ሲያፈቅር ያ ስለት እንደ እግር ብረት ይይዘዋል። ተማሪዎች ሳለን በእናቱ በውድነሽ በጣሙ በጣም ተናደን ነበር። «በሰው ሕይወት እንዴት ትሳላለች?» እንል ነበር። ይህንኑ ለክፍሉ ስንናገር አንዲት እናት አቋረጡን።

«እናንተ ልጅ አልቀበራችሁም» አሉ። «ኩፍኝ ሁለት ልጅ ወስዶብኛል። ሐኪም ቤት በእግር የቀን መንገድ ነበር። ሦስተኛው ሲያተኩሰው ምን ያልተሳልኩት አለ?»

ክፍሉ ፀጥ አለ። እኛም አፈርን። ማታ ማደሪያችን ገብተን ያንን ስፍራ እንደገና አነበብነው። ቃሉ ያው ነው፣ አንዲት ፊደል አልተለወጠችም። ውድነሽ ግን ሌላ ሴት ሆና ታየችን። ልጇ ሌሊት ሲያቃስት የምታዳምጥ ሴት።

በማግስቱ ክርክሩ ተነሣ። ያ «የበላሁትን እንጀራ» ያሉት አባት፣ «ስለትማ ከራስ ነው። በሬዬን ልሳል፣ የልጄን ትዳር ግን እንዴት አድርጌ እሳላለሁ?» አሉ። እናቲቱም «በሬ አይበቃም ብዬ ብፈራስ?» ብለው መለሱላቸው። ሁለቱም ለመከራከሪያ የሚሆን ቃል ፍለጋ መጽሐፉን ተሻሙ። አባታችን ሳያስቡት አንዱን ገጽ አራት ጊዜ ደገሙት። ቆጥረናል! መጀመሪያ ቀን ፊደል ለፊደል ሲቆጥሩት የነበረውን፣ በአራተኛው እንደ ወሬ አወሩት።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ በእጃችን ያለችው አንዲት መጽሐፍ ብቻ ናት። ሽፋኗ ወልቋል። በርበሬ የቀነጠሰ እጅ የገለጠው ገጽም ቀይ አሻራ አለበት፤ ይህንንስ አንቆጣበትም። አሁን በተራ ከቤት ቤት እየዞረች ነው። በየቤቱ የሚቆሙበትን ስፍራ በክር ምልክት አድርጉ እንጂ ገጹን አትጠፉት፤ ወረቀቱ አርጅቶ ይቀደዳል። ሌሊት በኩራዝ የምታነቡም ጭሱንና ጋዙን ተጠንቀቁ።

ማን ዘንድ እንዳለች የምታውቁ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ ጣቢያው ይዛችኋት ኑ። የስለቱ ክርክር አላለቀም። ያንን ስፍራ ጮክ ብለው ሊያነቡልን አባታችን ተራ ይዘዋል፤ እናቲቱም ስሕተት ቢያነቡ ሊያርሟቸው አጠገባቸው ይቀመጣሉ።