በዜማ የተነገረ መርዶ

በስሎቫኪያ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ ከዩክሬን ጋር በምትዋሰንበት ሜዳ ላይ፣ ሴልሜንጽ የሚባል የገበሬዎች መንደር አለ። አብዛኞቹ ነዋሪዎች ሀንጋሪዎች ናቸው። አያቶቻቸው በኦስትሮ-ሀንጋሪ ዘመን ተወለዱ፤ ከ1920ው (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) የትሪያኖን ውል በኋላ የቼኮዝሎቫኪያ ዜጎች ተባሉ፤ በ1938 ደግሞ ተመልሰው ወደ ሀንጋሪ ተጠቃለሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን ከቤታቸው ንቅንቅ አላሉም። የከፋው በመጨረሻ መጣ። በ1945 ቼኮዝሎቫኪያ የትራንስካርፓቲያን ግዛት ለሶቭየት ኅብረት ስታስረክብ፣ አዲሱ ድንበር መንደሩን ለሁለት ከፈለው። ትልቁ ሴልሜንጽ ወዲህ፣ ትንሹ ሴልሜንጽ ወዲያ ቀረ።

ሽቦው ከተዘረጋ በኋላ በአጥሩ ማዶና ማዶ ሆኖ መነጋገር ተከለከለ። ወንድም ወንድሙን ከጓሮው እያየ ሰላም ሊለው አይችልም ነበር። ልጠይቅ ያለ ሰው ፈቃድ እስኪያገኝ ደጅ ጠንቶ፣ ከዚያ በሌላ ኬላ ዞሮ መሄድ ነበረበት። ሰዎቹ ታዲያ መላ ዘየዱ። ሥራ ላይ ሆነው የሚያንጎራጉሩ መስለው ወሬውን በሀንጋሪኛ እያዜሙ ያስተላልፉ ነበር፤ እገሌ አረፈ፣ እገሊት ተዳረች፣ ልጅ ተወለደ። መርዶን እያዜሙ ማርዳት፣ ሰምቶም ለቅሶ መድረስ አለመቻል ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ዘመድ ቀብሮ ለሚያውቅ ሰው መንገር አያስፈልግም።

ሶቭየት ኅብረት ብትፈርስም አጥሩ አልፈረሰም። መንደርተኞቹ በሀንጋሪዎች ወግ የተቀረጸ አንድ የእንጨት በር ለሁለት ከፍለው፣ ግማሹን በዚህ ግማሹን በዚያ አቆሙ። አቤቱታቸው በ2004 እስከ አሜሪካ ኮንግረስ ደረሰ። ለእግረኛና ለብስክሌት ብቻ የሚያገለግል መተላለፊያ የተከፈተላቸው በ2005 ማብቂያ ነው፤ ስድሳ ዓመት ከተለያዩ በኋላ።

እኔን የሚቆረቁረኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የትልቁ ሴልሜንጽ ሰው የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ስለሆነ ያለ ቪዛ ተሻግሮ ይገባል። ማዶ ያለው ዘመዱ ግን እስከ 2017 ድረስ ቪዛ ወይም የድንበር ነዋሪ ልዩ ፈቃድ ይጠየቅ ነበር። ስሎቫኪያ በ2007 የአውሮፓ የጋራ ቪዛ ቀጠና የሆነው የሸንገን አባል ስትሆን ነገሩ ይበልጥ ጠበቀ። የአንድ አያት ልጆች ሆነው አንዱ እንደ ልቡ ይመላለስ፣ ሌላው ማመልከቻ ይሞላ ነበር። በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር ስደተኞች በዚችው ጠባብ በር አለፉ፤ ለውትድርና የደረሱ የዩክሬን ወንዶች ግን ከአገር እንዳይወጡ ተከለከሉ። ቤተሰብ እንደገና ተለያየ።

መንግሥት ድንበሩን የመጠበቅ መብት አለው፤ ጦርነት ላይ ያለ አገር ደግሞ የባሰ ጭንቀት አለበት። ይህን አልክድም። ነገር ግን ድንበሩን ያሰመሩት የመንደሩ ሰዎች አይደሉም፤ ማንም አልጠየቃቸውም። ስለዚህ ሰላም ሲወርድ የኬላ ደንብ የሚያወጡ ሹማምንት ከንግዱና ከቁጥጥሩ በፊት ቀብርንና የታመመ መጠየቅን ያስቡ። ለቅሶ ለመድረስ ማንም ሰው ቪዛ ሊጠየቅ አይገባም።