የወይን መቅመሻ ቤት በወንዝ ዳር፤ ለማንኩሳ ገበሬ ምን ያስገኝለታል?

ባለፉት ጥቂት ዓመታት በአገራችን የውሃ ዳርቻዎችን ለመዝናኛና ለጎብኚ መቀበያ የማዋል ሥራ እየተስፋፋ መምጣቱ ይታወቃል። በአዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ የማልማት ዕቅድ ይፋ ሆኗል። በአማራ ክልልም በጣና ሐይቅ ዳር የጎርጎራ መዝናኛ ተሠርቷል። በመሆኑም በጣና ዳር የታየው ነገ በላህ፣ በብርና በፈጠም ወንዞች ዳር መጠየቁ አይቀርም። ባለሀብት መጥቶ፣ «በዚህ ወንዝ ዳር የወይን መቅመሻ ቤት ልሥራ» ቢል የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ምን ብለው ይመልሱ? ከወዲሁ ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ መቅመሻ ቤት መጠጥ ቤት አለመሆኑን መገንዘብ ያስፈልጋል። ጎብኚው ከየዓይነቱ ጥቂት ጥቂት ይቀምሳል፤ እንዴት እንደተመረተ ይነገረዋል፤ የወደደውን ገዝቶ ይሄዳል። ጥቅሙም አምራቹ ያለ ደላላ ለበላተኛው በቀጥታ መሸጡ ነው። ስለዚህ ከቤቱ በፊት ምርቱ ሊኖር ይገባል።

የዝዋይ ተሞክሮ ይህንኑ ያስረዳል። ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ከቦርዶ ባመጣው የወይን ተክል በዝዋይ (ባቱ) አጠገብ እርሻ አቋቁሞ፣ የመጀመሪያውን ወይን ጠጅ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2014 ነበር። ከተከላ እስከ ጠርሙስ ዓመታት ፈጅቶበታል። ጉማሬ፣ ጅብና ዘንዶ እንዳይገቡበትም እርሻውን ዙሪያውን በቦይ አጥሮት ነበር። የውሃ ዳር ነፋሻ አየር ብቻ ሳይሆን የራሱም ጣጣ እንዳለው ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ማንኩሳ ዝዋይ አይደለም። የስምጥ ሸለቆው ምድር ደረቅ በመሆኑ ወይኑ በመስኖ ልክ ይጠጣል። የምዕራብ ጎጃም ክረምት ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ የከበደ ነው። እርጥበት ሲበዛ ወይን በሻጋታ በሽታ ይጠቃል። በቆሎና በርበሬ የለመደውን የጃቢ ጠህናን ማሳ በአንድ ጊዜ ወደ ወይን መለወጥ ገበሬውን ለኪሳራ ይዳርገዋል።

ታዲያ በማንኩሳ የሚቀመሰው ምንድን ነው? መልሱ ከገበሬው ጓሮ አይርቅም። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ ከማሩም አብዛኛው ጠጅ ይሆናል። በጎጃም ማር የሚቆረጠው በተለይ በጥቅምትና በኅዳር ሲሆን፣ የአደይ አበባው፣ የኑጉና የግራዋው ማር በመልክም በጣዕምም ይለያያል። ይህን ለይቶ ማስቀመስ የሚቻለው በአካባቢው ሰው ነው። ሆኖም ጠጅ መፍላቱን ሳያቆም በጠርሙስ ቢታሸግ ጠርሙሱን ያፈነዳል። ስለዚህ በመጀመሪያ ጠጁን እዚያው በብርሌ ማቅረብ፣ ማሩን ደግሞ አሽጎ መሸጥ ይሻላል።

የቤቱን አሠራር በተመለከተ፣ ዋናው ነገር ውበት ሳይሆን ቦታ ነው። የወንዙን የክረምት ሙላት ልክ ሽማግሌዎች ያውቁታልና መሠረቱ ከዚያ በላይ ይውጣ። ዳርቻው ራሱ ለዛፍና ለሣር ይተው፤ ወንዙን ከበረንዳ ማየት ይበቃል። ግድግዳው ወፍራም፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ቢሆን ቤቱ ይቀዘቅዛል። ጠጁ የሚቀመሰው በአፍንጫም ጭምር ስለሆነ ቤቱ ከማድ ቤት ጭስ፣ ከበረትና ከመጸዳጃ ቤት ይራቅ። የመጠጡ መልክ እንዲለይ ጠረጴዛው ነጭ ልብስ ይልበስ።

ከሁሉም የሚያሳስበው ግን እጣቢው ነው። የወይንም ሆነ የጠጅ እጣቢ ስኳርና አተላ ይዞ ወንዝ ሲገባ፣ በሚበሰብስበት ጊዜ በውሃው ያለውን አየር ይጨርሳል፤ ዓሣ ይሞታል፤ ውሃው ይገማል። ከታች ያለው ቀበሌ ደግሞ ከብቱን የሚያጠጣው ከዚያው ነው። ስለሆነም እጣቢው ከወንዙ ርቆ በተቆፈረ ጉድጓድ መጠራቀምና መጣራት አለበት፤ አተላውም ለከብት መኖ ወይም ለብስባሽ ይዋል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 ሥራ ሳይጀመር የአካባቢ ተፅዕኖ እንዲገመገምና የነዋሪው አስተያየት እንዲሰማ የደነገገው ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ነው።

መሬትን በሚመለከት፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፤ አይለወጥም። ስለዚህ ባለሀብቱ የሚያገኘው የመጠቀም ውል ብቻ ነው። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ዘመኑ ይወሰን፤ በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ። ማር አቅራቢዎቹ በኅብረት ሥራ ማኅበር ቢደራጁ ደግሞ ዋጋ ተቀባይ ብቻ ሳይሆኑ የቤቱ ተካፋይ ለመሆን ይችላሉ።

ከዚህም ሌላ ጊዜው ሊመዘን ይገባል። ማንኩሳ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል፣ በዋናው መንገድ ላይ መሆኗ ትልቅ ጥቅም ነው። በቡሬም በ2013 ዓ.ም. የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቋል። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ የተቀሰቀሰው የትጥቅ ግጭት መንገዱ ሲዘጋ ጎብኚም ገበያም እንደሚቀር በግልጽ አሳይቷል። ስለዚህ ብዙ ገንዘብ በግንብ ላይ ከማፍሰስ በፊት በዘመናዊ ቀፎና በማር ጥራት መጀመር ይበጃል፤ ምርቱ ቢያንስ ቤት ሳይጠብቅ ይሸጣል።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ምን እንደሚቀመስ፣ እጣቢው የት እንደሚሄድ፣ ውሉ በማን ስም እንደሆነ ሦስቱ ሳይመለሱ የወንዝ ዳር መሬት ለማንም ባይፈቀድ መልካም ነው። የገበሬ ማኅበራት መሪዎችም ጉዳዩን አስቀድመው ለጉባኤ አቅርበው ከአባሎቻቸውና ከታችኛው ቀበሌ ጋር ሊመክሩበት ይገባል።