መጀመሪያ ቀለሙ በምን ይሟሟል?
በቆላማዋ አብደራፊ ከተማ ሻማ በቤቱ ሠርቶ ሊሸጥ ያሰበ ሰው፣ ከቀለሙ ድምቀት በፊት በምን እንደሚሟሟ ይጠይቅ እላለሁ። አብዛኛው የኬክ ቀለም በውሃ የሚሟሟ ነው፤ ሰም ደግሞ ውሃን አይቀበልም። ጠብታው ከድስቱ ሥር ተጠራቅሞ ይቀራል፤ ከክሩ የደረሰው እርጥበትም ሻማው ሲበራ ይንጣጣል። ለሻማ ተብሎ የተሠራው ፈሳሽ ቀለም ግን በዘይት የሚሟሟ ስለሆነ ከቀለጠው ሰም ጋር ይዋሐዳል። ብርቱ ነውና በጠብታ ይለካ፤ ሰሙ ሲረጋ መልኩ ስለሚለወጥም አስቀድሞ ነጭ ወረቀት ላይ አንጠባጥቦ ማየት ያስፈልጋል። ፀሐይ ቀለም ታደበዝዛለች፤ በጋው ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በዚህ ቆላ ደግሞ ለስላሳ ፓራፊን ይጎብጣል። የንብ ሰም የሚቀልጠው ግን 62 ዲግሪ ግድም ሲደርስ ነው። ስለዚህ ቀለሙ ለልደትና ለሠርግ ሻማ ይሁን፤ ለቤተ ክርስቲያን የሚሄደውን ጧፍ ግን በንብ ሰሙ ቢጫነት እንዳለ ተዉት፤ ምንም ጠብታ አትጨምሩበት።