የትምህርት ቤቶች የውጤት ሠንጠረዥና የድኻው ልጅ

በእንግሊዝ አገር ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ወገኖቻችን፤ ትምህርት ቤት ሲመርጡ አስቀድመው የሚመለከቱት የትምህርት ሚኒስቴር የሚያወጣውን የውጤት ሠንጠረዥ ነው። ከላይ የተጻፈውን ትምህርት ቤት ጐበዝ፤ ከታች የተጻፈውን ሰነፍ ብለው ይፈርዳሉ። ይህ ፍርድ ችኰላ ያለበት ስለ ሆነ፤ ሠንጠረዡ የሚናገረውንና የማይናገረውን በዚህ ወር ልንመረምር ወደድን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውጤት በሠንጠረዥ መታተም የጀመረው በ1997 ነው። ልጆቹ ዐሥራ አንድ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው በግንቦት ወር በንባብና በሒሳብ ይፈተናሉ፤ ጽሕፈታቸውን ደግሞ መምህራቸው ይመዝናል። ዌልስ ሠንጠረዡን በ2001 ስትተው እንግሊዝ ግን ቀጠለች። ከአንደኛ እስከ መጨረሻ እየደረደሩ ማሳየት የሚወዱት በተለይ ጋዜጦች መሆናቸውንም አንባቢ ይወቅልን።

በ2024 በሦስቱም ትምህርቶች የሚጠበቀውን ደረጃ ያገኙት ልጆች ከመቶ 61 ነበሩ። ሚኒስቴሩ የተቸገሩ ብሎ የሚቈጥራቸው፤ ይኸውም በዋናው ባለፉት ስድስት ዓመታት ውስጥ በድኽነት ምክንያት የነጻ ምሳ የተፈቀደላቸው፤ ለብቻቸው ሲታዩ ከመቶ 46፤ የቀሩት ልጆች ግን ከመቶ 67 ናቸው።

እንግዲህ ሁለት ትምህርት ቤቶችን በሐሳባችን እናቁም። በአንደኛው ከመቶ ልጆች ዐሥሩ፤ በሁለተኛው አምሳው ድኾች ናቸው እንበል። መምህራኑ በትጋትም በዕውቀትም እኩል ሆነው፤ ድኻውም ባለጠጋውም ልጅ ልክ እንደ አገሩ አማካይ ቢያገኝ፤ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ከመቶ 65 ያህል ሲያገኝ ሁለተኛው 57 እንኳ አይሞላም። ይህ የስምንት ነጥብ ልዩነት የመጣው በር ላይ በገቡት ልጆች እንጂ በማስተማር አይደለም። ሁለተኛው ትምህርት ቤት 60 ቢያገኝ፤ 64 ካገኘው ከመጀመሪያው ይልቅ ብዙ ሠርቶአል ማለት ነው፤ በሠንጠረዡ ላይ ግን ከበታቹ ተጽፎ ይታያል። ደግሞም በአንድ ክፍል ሠላሳ ልጆች ብቻ ካሉ፤ የአንድ ልጅ መውደቅ ከመቶ ሦስት ነጥብ ይበልጣል፤ አንዲት ሕፃን በፈተናው ሳምንት ብትታመም የትምህርት ቤቱ ስም ዝቅ ይላል።

ድኽነት በምን መንገድ ወደ ፈተናው ወረቀት እንደሚደርስ መምህር የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ቍርስ ሳይቀምስ የመጣ ልጅ ከረፋዱ በኋላ ዐይኑ ሰሌዳው ላይ አይቆይም። ቤተ ሰቡ ከጊዜያዊ መጠለያ ወደ ሌላው የሚዛወርበት ልጅ የጀመረውን ትምህርት ሳይጨርስ መምህሩ ይለወጥበታል። እናቱ በሌሊት ሥራ የምትውልበት ልጅ የሚያስነብበው ሰው የለውም። በዚህ ላይ በአካባቢው ካሉት ትምህርት ቤቶች በብዙዎቹ ቦታ ሲጠብ ቅድሚያ የሚሰጠው ቤቱ ቅርብ ለሆነው ነው፤ ስለዚህ ገንዘብ ያለው ሰው ከላይኛው ትምህርት ቤት አጠገብ ቤት ይገዛል፤ ድኻውም እየራቀ ይሄዳል፤ ሠንጠረዡም ራሱ ያሳየውን ልዩነት ራሱ ያሰፋዋል።

የልጆቹን ኑሮ በስሌቱ ውስጥ የሚያስገባ መለኪያ ለጥቂት ዓመታት ሲወጣ ኖሮ ከ2010 በኋላ ተተወ። ልጁ ከነበረበት ምን ያህል እንደ ተራመደ የሚያሳየው ሌላው መለኪያም፤ በኮሮና ጊዜ የታናናሾቹ ፈተና በመቅረቱ በ2024ና በ2025 አልወጣም። መጥፎ አጋጣሚ ነው።

ይህን ሁሉ ስንል ድኻ ልጅ አይማርም ማለታችን እንዳልሆነ ግልጽ ይሁን። የለንደን ድኾች ልጆች በሌላው የእንግሊዝ ክፍል ካሉት ድኾች ልጆች ይልቅ የተሻለ ውጤት ማግኘታቸው ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው። ወላጅ ትምህርት ቤቱን ሊጐበኝ በሄደ ጊዜ የተቸገሩት ልጆች ለብቻቸው ያገኙትን ውጤት ቢጠይቅ፤ ከጠቅላላው ቍጥር ይልቅ የመምህራኑን ድካም ያሳየዋል።

አንድ ነገር ሳንናገር ልናልፍ አንወድም። ከ2014 ጀምሮ በታችኛው ክፍል ያሉ ሕፃናት ሁሉ፤ በለንደንም ከ2023 ጀምሮ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በመንግሥት ትምህርት ቤት በነጻ ምሳ ስለሚበሉ፤ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ብዙ ወላጆች ማመልከቻ መጻፉን ትተውታል፤ አንዳንዶቹም ድኻ ተብሎ መመዝገብን ያፍሩበታል። ነገር ግን መንግሥት ለተቸገረ ልጅ ለትምህርት ቤቱ የሚጨምረው ገንዘብ፤ በ2024–25 የትምህርት ዘመን ለአንድ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ 1,480 ፓውንድ የነበረው፤ በአብዛኛው የሚከፈለው በዚሁ ምዝገባ ነው። ልጁ ምሳውን ቢያገኝም ወላጁ ካላመለከተ ያን ገንዘብ ትምህርት ቤቱ ሊያጣው ይችላል። ቅጹን ከትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ወይም ከአካባቢው አስተዳደር ማግኘት ይቻላል፤ ቋንቋው የሚያስቸግራቸው ወላጆች ቢኖሩ፤ የሚያነብ ጎረቤት አጠገባቸው ተቀምጦ ይሙላላቸው።