ርካሽ ቸርኬ ነውር የለውም፤ ልኩ ያልታወቀ ግን አለው



ባለፈው ስብሰባ የተነሳው የመኪና ጉዳይ ሳይቋጭ ስለ ተበተንን፣ በበኩሌ የማስበውን በዚህ ሰሌዳ ላይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ። የምጽፈው የኮሚቴውን ውሳኔ ሳይሆን የራሴን ሐሳብ ነው። ስሕተት ካለበት የኔው ነው።

ላልሰማ ላስታውስ። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. አንድ የሰፈራችን ወጣት በፈረንጅ 1995 የተሠራች ባለ ሁለት በር ቶዮታ ሴሊካውን ይዞ ከዳቦ ቤቱ ቁልቁል ሲወርድ የፊት ግራ ጎማው ፈነዳ። መኪናዋ ቱቦውን ዘላ የዕድሩ ዕቃ ቤት አጥር ላይ ተለጥፋ ቆመች። ከወፍጮ ቤት ስትመለስ የነበረች ልጅ በሁለት እርምጃ ተረፈች። ዱቄቷ መንገዱ ላይ ተበትኖ ሁላችንም አየን።

በስብሰባው ላይ «እንዲህ ያለ መኪና ሰፈር እንዳይገባ ይከልከል» ያሉ ነበሩ። «የጎረምሳ ጥጋብ ነው» ያሉም አሉ። የልጅቷ እናት ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችው፤ «ለወደፊቱስ ማነው የሚያየው?» አለች። መልስ የሰጣት ሰው አልነበረም።

ንዴቱ ይገባኛል። ልጅቷ የሁላችንም ልጅ ናት። ይሁንና መከልከሉ ምን ይፈይዳል? መኪናዋ ሄዳ ላይኛው ሰፈር ታድራለች። እዚያስ ልጅ የለም እንዴ? ጥጋብ የተባለውም ልክ አይመስለኝም። ልጁ መኪናዋን የገዛው አራት ዓመት ሠርቶ ባጠራቀመው ነው። አዲስ ቸርኬና አዲስ ጎማ ለመግዛት አቅሙ ስላልፈቀደ፣ ያገለገለ ሰፊ ቸርኬ ከነጎማው ከአንድ ሻጭ በርካሽ ገዛ። መኪና ማሳመር ወንጀል አይደለም። ጥፋቱ ሳይለኩ መግጠሙ ላይ ነው።

እኔ ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ነገር ግን በወጣትነቴ ስድስት ዓመት ጎሚስታ ቤት ሠርቻለሁ። ከአደጋው በኋላ ጎማውን አውጥተን ስናየው ነገሩ ግልጽ ነበር። የመኪናዋ የቀድሞ ጎማ 205/55 ባለ 15 ነው። የተገጠመላት 225/60 ባለ 15 ነው። ቁጥሩ የተቀራረበ ይመስላል፤ ግን የጎማው ቁመት ከ607 ሚሊ ሜትር ወደ 651 አደገ። መሪው በተጠመዘዘ ቁጥር ጎማው ከፓራፋንጎው ጠርዝ ጋር ይፋጫል። ሲፋጭ ሰንብቶ ጎኑ ተበላ፤ ቁልቁለቱ ላይ ፈነዳ። በዚያ ላይ የፍጥነት መቁጠሪያው ይዋሻል። 60 ሲል መኪናዋ የምትሄደው 64 ነው።

ዳዶውም ሌላ ጉድ ነው። የብዙዎቹ የቶዮታ ፋብሪካ አሉሚኒየም ቸርኬዎች ዳዶ ጠፍጣፋ ሮንዴላ አለው። ከገበያ የሚገዛው ቸርኬ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ሾጣጣውን ነው። ልጁ የድሮውን ዳዶ መልሶ አሰረበት። ጎማው ባይፈነዳ እንኳ ቸርኬው አንድ ቀን ሊወልቅ ይችል ነበር።

ታዲያ ርካሽ ቸርኬ አይገዛ ማለቴ ነው? አይደለም። ሶማሌ ተራ የዞረ ሰው ደህና ዕቃ በመጠነኛ ዋጋ ያገኛል። ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና ከመክፈል በፊት ይህን ማየት ነው።

አንደኛ፣ የቡሎኑ ክብ። የዚያች ሴሊካ 5 ቡሎን በ100 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ነው። 114.3 የሆነም ባለ 5 አለ፤ በዓይን ግን አይለይም። ቀዳዳውን በትራፓኖ አስፍቶ ማስገባት በሰው ሕይወት መጫወት ነው።

ሁለተኛ፣ የመሀል ቀዳዳው። ከመኪናው እምብርት ከሰፋ ቀለበት ይግባለት፤ አለዚያ መሪው ይንቀጠቀጣል።

ሦስተኛ፣ የቸርኬው ጥልቀት። ወደ ውስጥ ከገባ ጎማው ሞላና አሞርዛተር ይነካል። ወደ ውጭ ከወጣ ፓራፋንጎ ይነካል፣ ኩሽኔታም ይበላል።

አራተኛ፣ የጎማው ዕድሜ። ጎኑ ላይ ካሉት ቁጥሮች የመጨረሻዎቹን አራት ተመልከቱ። 2319 ካለ በፈረንጅ 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ዕድሜው ያለቀ ጎማ ሞልቷል።

ሰፋ ያለ ጎማ የግድ ለሚፈልግ፣ ለዚያች መኪና 225/45 ባለ 16 ቁመቱ 609 ስለሆነ ከፋብሪካው ልክ ብዙም አይርቅም። ቸርኬው ግን ከ7 ኢንች መጥበብ የለበትም። አራት ሰው አሳፍሮ መሪውን ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው መጠምዘዝና የሚነካ ነገር አለመኖሩን ማየት ያስፈልጋል። ሰፊ ጎማ በደረቅ አስፋልት መሬት ይይዛል፤ በክረምት ግን የተኛ ውሃ ላይ ቶሎ ይንሳፈፋል። ጎኑ አጭር ስለሆነም ጉድጓድ ሲያገኘው ቸርኬው ይጣመማል።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ኅሊናዬ አይለቀኝም። ልጁ ቸርኬውን የገጠመ ቀን በበሩ አልፌ ነበር። በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ጣት እንደማይገባ አይቻለሁ። «ጋሼ፣ እንዴት ነች?» ሲለኝ «አምሮባታል» ብዬው ሄድኩ። ቸኩዬ ነበር፤ ደስታውንም ላበላሽበት አልፈለግሁም። የሚያውቅ ሰው ዝም ካለ የማያውቀው ከየት ይማር? ስለዚህ የሚከለከል ነገር ካለ መጀመሪያ ይከልከል የምለው የኔን ዝምታ ነው።

ስለሆነም ሐሳቤ ይህ ነው። ማኅበሩ ጉልበት የሚለካ አንድ የዳዶ መፍቻ ይግዛ። የሴሊካዋ ዳዶ የሚታሰረው በ103 ኒውተን ሜትር ነው፤ በእግር ረግጦ ማሰር መለካት አይባልም። ከ100 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላም እንደገና ይፈተሻል። የቤት መኪናም ሆነ ታክሲ፣ ቸርኬ ወይም ጎማ የቀየረ ሁሉ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ማኅበሩ ግቢ ያምጣ፤ ያለ ክፍያ አይለታለሁ። ልጁም የአጥሩንም የዱቄቱንም ዋጋ ከፍሏል፤ አሁን የሚነዳው በፋብሪካው ጎማ ነው። አብሮኝ ክሪክ ሊይዝ ተስማምቷል።

እሁድ ድምፅ ስንሰጥ «ይከልከል» ከማለታችን በፊት የእናትዮዋን ጥያቄ እናስታውስ። ማነው የሚያየው ላለችው፣ እኛው ነን ብንላት ይሻላል።

የማኅበሩ ጸሐፊ