ስለ ጃፓን የምናወራው ከማን ሰምተን ነው?

በዚህ ግቢ ስለ ጃፓን የማይናገር የለም። ክርክር በተነሣ ቍጥር «ጃፓንን ተመልከቱ፤ በአንድ ትውልድ ዕድሜ የት እንደ ደረሰች!» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ነገሩ አዲስ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ጃፓን ሄደው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው በመጽሐፍ አውጥተውታል። በዚያው ዓመት የታወጀው ሕገ መንግሥታችንም የ1889ኙን የሜይጂ ሕገ መንግሥት አብነት ማድረጉ የታወቀ ነው። ኅሩይ ግን ሄደው፣ አይተው፣ ጠይቀው ጻፉ። እኛስ?

ባለፈው መንፈቅ ጓደኞቻችን ስለ ጃፓን የውጭ ጉዳይ የጻፏቸውን የጥናት ጽሑፎች እኛ አዘጋጆቹ ለማየት ዕድል አግኝተን ነበር። አብዛኞቹ ከአንድ መማሪያ መጽሐፍ የተቀዱ ናቸው፤ ያም መጽሐፍ ከሌላ መጽሐፍ የቀዳ ነው። አንዱ ወንድማችን ጃፓን በ1915 ለቻይና ስላቀረበቻቸው 21 ጥያቄዎች አሥራ ሁለት ገጽ ጽፏል፤ ጥያቄዎቹን ራሳቸውን ግን አላነበባቸውም። ተርጕሞ ላሳተመው ሁሉ ከጥቂት ገጽ አይበልጡም!

ቢያነባቸው ኖሮ ምን ያገኝ ነበር? ጥያቄዎቹ በአምስት ክፍል የተከፈሉ ናቸው። ጃፓን ነገሩን ለወዳጆቿ መንግሥታት ስታስታውቅ መጀመሪያ የነገረቻቸው አራቱን ክፍል ብቻ ነው። አምስተኛውን ደበቀችው። እርሱም ቻይና በፖለቲካ፣ በገንዘብና በጦር ጉዳይ ጃፓናውያን አማካሪዎችን እንድትቀጥር፣ በአንዳንድ ስፍራም ፖሊሱ የሁለቱ አገሮች የጋራ እንዲሆን የሚጠይቀው ክፍል ነው። አሳጥሮ የጻፈውን ያነበበ ሰው «ሃያ አንድ» የሚለውን ቍጥር ይይዛል። ሰነዱን ያነበበ ግን የትኛው እንደ ተደበቀ ያያል፤ ከዚያም ስለ ምን ተደበቀ ብሎ ይጠይቃል።

ሰነዱ ደግሞ አለ። የጃፓን የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር «ኒሆን ጋይኮ ቡንሾ» የተባለውን የሰነድ ስብስብ የመጀመሪያ ቅጽ በ1936 አሳተመ፤ ከሜይጂ ዘመን መባቻ ጀምሮ እስካሁን የወጣው ከ200 ቅጽ ያልፋል። ጃፓንኛ ለማናነብ ለእኛ፣ ቢዝሊ የተባለው እንግሊዛዊ የ1853–1868ን ሰነዶች መርጦ በ1955 አሳትሟል። አሜሪካኖችም ከ1931 እስከ 1941 ከጃፓን ጋር የተጻጻፉትን ጦርነቱ ሳያልቅ በ1943 በሁለት ቅጽ አወጡ። ከሁሉ የሚመስጠው ኖቡታካ አይክ በ1967 በእንግሊዝኛ ያወጣው የ1941 ጉባኤዎች መዝገብ ነው። የጦር አዛዦቹና ሚኒስትሮቹ ተሰብስበው ስለ ነዳጅ፣ ስለ መርከብ፣ ስለ ቀነ ገደብ ሲነጋገሩ ይሰማል። በሴፕቴምበር 6 ቀን ጉባኤ ንጉሠ ነገሥቱ ዝምታውን ሰብረው የአያታቸውን ግጥም አነበቡ፤ ውሳኔው ግን ጸደቀ። ይህን ያነበበ ሰው «ጃፓን ወሰነች» ብሎ ከመጻፉ በፊት ብዕሩን ለጥቂት ጊዜ ያቆማል።

ይሁን እንጂ ሰነድ ሁሉ እውነት አይደለም። ሚኒስቴር የራሱን ወረቀት ሲያሳትም መራጩ ራሱ ነው። ሙትሱ ሙኔሚትሱ በ1894–95 ከቻይና ጋር በተደረገው ጦርነት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበር፤ ጦርነቱ እንዳበቃ «ኬንኬንሮኩ» የተባለ ማስታወሻ ጻፈ። መጽሐፉ እስከ 1929 ለሕዝብ አልተገለጠም። ሩሲያ፣ ጀርመንና ፈረንሳይ ተባብረው ሊያኦዱንግን እንዴት እንዳስመለሱ ከእርሱ ይልቅ ውስጡን የሚያውቅ የለም፤ ግን የሚጽፈው ለራሱ ጥብቅና ቆሞ ነው። ደግሞም በኦገስት 1945 ጃፓን እጇን ስትሰጥ የጦሩና የመሥሪያ ቤቶቹ ሰዎች ወረቀት ሲያቃጥሉ ሰነበቱ። ስለዚህ በእጃችን ያለው ከእሳት የተረፈው ነው። የማኅተም ጠባቂው ኪዶ ግን የዕለት ማስታወሻውን ለከሳሾች ራሱ አስረከበ፤ በቶኪዮው ችሎትም (1946–48) ማስረጃ ሆነ፤ እርሱም ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።

«መጽሐፉ የለንም» የሚለው ምክንያት ዛሬ ግማሹ ወድቋል። ከ2001 ጀምሮ የጃፓን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የእስያ ታሪክ መዛግብት ማእከል የካቢኔውን፣ የውጭ ጉዳዩንና የጦሩን ወረቀት ያለ ክፍያ በኢንተርኔት አቅርቧል፤ መፈለጊያው በእንግሊዝኛም ይሠራል። የእኛም ጉዳይ በውስጡ አለ። በጁላይ 1935 ሮም የነበረው የጃፓን አምባሳደር ሱጊሙራ አገሩ በኢትዮጵያ የፖለቲካ ፍላጎት እንደሌላት ለሙሶሊኒ ነገረው፤ የጃፓን ሕዝብ ተቈጣ፤ ቶኪዮም የአምባሳደሩን ቃል አስተባበለች። በ1936 ማብቂያ ግን ያው መንግሥት የጣሊያንን ወረራ ተቀበለ። «ጃፓን ከዳችን» ብሎ መናገር ቀላል ነው። ማን፣ መቼ፣ በምን ልውጥ እንደ ወሰነ ከወረቀቱ አውጥቶ የሚጽፍ ከመካከላችን ቢገኝ ግን ለጃፓኖችም የሚጠቅም ሥራ በሆነ ነበር።

አንድ የምናከብራቸው መምህር ይህን ሐሳብ ስናማክራቸው «ገና ጀማሪውን ተማሪ ሰነድ ውስጥ ብትጥሉት ይሰጥማል» አሉን። ግማሽ እውነት አላቸው። እኛ የምንለው ጀማሪው ከአንድ ሰነድ ጋር አንድ ሳምንት ይዋል ነው። የታሪክ መምህራኖቻችን ለእያንዳንዱ የጥናት ጽሑፍ ቢያንስ አንድ ሰነድ በሙሉ መነበቡን ግዴታ ያድርጉ። ቤተ መጻሕፍቱም ከላይ የጠቀስናቸውን የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ይግዛ፤ ከኮምፒዩተሮቹም አንዱን ለመዛግብት ንባብ ይለይ። ጃፓንኛ የሚያስተምር ሰው መፈለጉ ለጊዜው ይቈይ፤ ጥያቄውን ግን አንተወውም።

ሌላውን ብቻ አዘን እንዳንቀመጥ ማኅበራችን ንባቡን ይጀምራል። የመጀመሪያው በሚመጣው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በ8 ሰዓት በማኅበሩ ክፍል ነው። የ1915ቱ ጥያቄዎች እንግሊዝኛ ቅጂ ተባዝቶ በጽሕፈት ቤቱ ይገኛል፤ የሚመጣ ሁሉ አስቀድሞ አንብቦ ይምጣ።