ሁሉም የሆድ ሕመም ጨጓራ አይደለም

ማንኪራ በከፋ፣ በቦንጋ አካባቢ የምትገኝ፣ የቡና መገኛ እየተባለች የምትጠራ ባለ ደን አገር ናት። እዚያም ሆነ አዲስ አበባ፣ ዓመት በዓል ሲሆን ቅቤ የበዛበት ምግብ ይቀርባል፤ ቡናም ይከተላል። ሌላው ሲጫወት አንዲት እናት ግን ከቀኝ ጎድኗ ሥር ይዟት ቀስ ብላ ወደ ጓዳ ትገባለች። «ምን ሆንሽ?» ቢሏት መልሷ «ጨጓራዬ ነው፤ አሁን ይተወኛል» የሚል ነው።

ውድ አንባቢያችን፣ ይህ ሕመም ሁልጊዜ የጨጓራ ላይሆን ይችላል። ዛሬ ስለ አንዲት ትንሽ የሆድ ዕቃ በር እናውጋዎት።

ጉበታችን በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር የሚደርስ ሐሞት ያመነጫል። ሐሞት ቅባት እንዲፈጭ ይረዳል። ምግብ በሌለበት ሰዓት በሐሞት ከረጢት ውስጥ ይጠራቀማል። የሐሞት ቱቦና የቆሽት ቱቦ ተገናኝተው ወደ ትንሹ አንጀት በሚገቡበት ቦታ ላይ፣ እንደ ቀለበት የከበበ ትንሽ ጡንቻ አለ። ሩጄሮ ኦዲ የተባለ ጣሊያናዊ በ1887 እ.ኤ.አ. ገና የሕክምና ተማሪ ሳለ ስላጠናው «የኦዲ ጡንቻ» ይባላል። ሥራው የበረኛ ነው፤ ሐሞቱን በልክ ያሳልፋል፣ የአንጀት ውስጥ ነገር ወደ ላይ እንዳይመለስም ይከላከላል።

ቅባት ያለው ምግብ አንጀት ሲደርስ አንድ ሆርሞን ወደ ደም ይገባል። ይህ ሆርሞን ከረጢቱ እንዲኮማተር፣ በሩ ደግሞ እንዲላላ ያዛል። ቡናም ከረጢቱን እንደሚያኮማትር በምርመራ ታይቷል። እንግዲህ ከረጢቱ እየገፋ በሩ እንቢ ቢልስ? ሐሞት ይታገዳል፣ በቱቦው ውስጥ ግፊት ይጨምራል፣ ብርቱ ሕመምም ይነሣል። ቆሽትም አብሮ ሊቆጣ ይችላል።

በሩ ለምን ይበላሻል? አንዳንድ ጊዜ የሐሞት ጠጠር ሲያልፍ ያቆስለውና ጠባሳ ያጠብበዋል። አንዳንድ ጊዜ ጠባሳ ሳይኖር ጡንቻው በራሱ ይኮማተራል፤ ይህ በተለይ የሐሞት ከረጢታቸው በቀዶ ሕክምና በወጣላቸው ሴቶች ላይ ይታያል። ሞርፊንና ኮዴይን ያለባቸው መድኃኒቶችም ጡንቻውን ያጠብቁታል። በአገራችን ደግሞ ወስፋት አለ። ከአንጀት ተነሥቶ በዚህች በር በኩል ወደ ሐሞት ቱቦ ሊወጣ ይችላል።

ይሁን እንጂ «በሩ ይቆረጥልኝ» ለማለት አይቸኩሉ። ከረጢታቸው ወጥቶ ሕመሙ ባልተዋቸው፣ ነገር ግን ቱቦአቸው ባልሰፋ 214 ሰዎች ላይ የተደረገና በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በሩ የተቆረጠላቸው ካልተቆረጠላቸው የተሻለ እንዳላገኙ አሳይቷል። መቁረጡም ቆሽትን ሊያስቆጣ ይችላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሕመሙ መቼ እንደሚጀምር፣ ምን ከተበላ በኋላ እንደሚነሣና ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ልብ ይበሉ፤ ለሐኪም ይንገሩ። በብዛት የሚገኘው ምክንያት የሐሞት ጠጠር ስለሆነ የአልትራሳውንድና የደም ምርመራ ይቀድማል። ከጎረቤት የተገኘ ማስታገሻ አይውሰዱ። ቅቤውን በልክ ያድርጉ፤ ቡናው የሚያስነሣብዎት ከሆነም ይተዉት። ለወስፋት መከላከያ እጅዎንና አትክልትዎን በንጹሕ ውኃ ይጠቡ፤ ልጆችም በመጸዳጃ ቤት ይጠቀሙ።

ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት ከጠቆረ፣ ሰገራ ከነጣ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፣ ወይም ማስመለሱ አላቆም ካለ ግን ለነገ አይባልም። የማንኪራዋ እናት ወደ ቦንጋ፣ ወደ ገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል፣ የከተማዋም በአቅራቢያዋ ወዳለው ሆስፒታል በዚያው ቀን መሄድ ይኖርባታል።

እናት ሕመሟን ደብቃ እንግዳ ማስተናገዷ እንደ ጨዋነት ይቆጠርላት ይሆናል። ለቤተሰቧ የሚበጀው ግን ጤንነቷ ነው። በሚቀጥለው ቡና ላይ ወደ ጓዳ የገባች ጎረቤት ካለችዎት ተከትለው ይግቡና «የት ላይ ነው የሚያምሽ?» ብለው ይጠይቋት።